ከመሸ በኋላ ግቢው የማን ነው?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይጎርፍልናል። ጠያቂዎቹ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ የጎረቤት ልጆች፣ አንዳንድ ጊዜም ወላጆች ናቸው። ጥያቄውም «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» የሚል ነው። ነገር ግን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ሰው የሚጠይቁት ስለ መምህራኑ ዕውቀት ወይም ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ስፋት አይደለም፤ ይህን ዓይነቱን ነገር ከየዩኒቨርሲቲው መግለጫ ማንበብ ይቻላልና። የሚጠይቁት ስለ ኑሮው ነው። ከማን ጋር እበላለሁ? ማታ ማታ ምን ይሠራል? እሑድን በምን አሳልፋለሁ? ብቸኝነት ይይዘኝ ይሆን? ማለታቸው ነው። ይህን ፊት ለፊት መጠየቅ ግን እንደ ዋልጌነት ስለሚቆጠር፣ በትምህርቱ ስም ሸፈን አድርገው ያመጡታል።

እኔ በበኩሌ ጥያቄው የሚያሳፍር ሆኖ አልታየኝም። አንድ ተማሪ በቀን ውስጥ መምህር ፊት የሚቀመጥባቸው ሰዓቶች 4 ወይም 5 ቢሆኑ ነው። የቀሩት 19 ወይም 20 ሰዓቶች የኑሮ ሰዓቶች ናቸው። በአራት ዓመት ውስጥ ሰው አስተሳሰቡ የሚለወጠው፣ የሚያገባትን የሚያገኘው፣ ከሃይማኖቱ ወይም ከፖለቲካው ጋር የሚታረቀው ወይም የሚጣላው በአብዛኛው በእነዚሁ ሰዓቶች ነው። እንግዲያውስ ስለ ኑሮው አጥብቆ የሚጠይቅ ልጅ ቀልደኛ ሳይሆን ብልኅ ነው። ችግሩ ያለው ከእኛ ከመላሾቹ ዘንድ ነው። ስለ ኪሲንግ ፑል፣ ስለ ላውንጁ፣ ስለ ምግቡና ስለ ከተማው ውበት እያወራን ዋናውን ነገር ሳንነካው እንቀራለን።

ዋናው ነገር በእኔ አስተያየት አንድ ነው፤ እርሱም ከመሸ በኋላ ግቢው ውስጥ ማን ይቀራል የሚለው ነው።

ይህን በሁለት ስፍራዎች ላይ ላሳይ። አንደኛው እኔ ሦስተኛ ዓመት ሥነ ጽሑፍ የምማርበት ስድስት ኪሎ ነው፤ ሁለተኛው ሐረማያ ነው። እነዚህን የመረጥሁበት አንዱ ምክንያት ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ በሁለቱ መካከል ቆሞ ስለሚያመነታ ነው። (መቼም ምርጫው ሁሉ በተማሪው እጅ እንዳልሆነ፣ ውጤትና ምደባም የራሳቸው ቃል እንዳላቸው አልዘነጋሁም።) ሌላው ምክንያት ሁለቱ ግቢዎች ለንጽጽር የሚመቹ ሆነው ስላገኘኋቸው ነው። አንዱ በዋና ከተማው እምብርት ላይ ነው፤ ሌላው ከከተማ ወጣ ብሎ ከእርሻ መካከል ተቀምጧል። ደግሞም የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲመሠረት የዓለማያው እርሻ ኮሌጅ ከአካሎቹ አንዱ ነበርና፣ በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ እስኪሆን ድረስ ሁለቱ ግቢዎች አንድ ስም ይጋሩ ነበር።

ከቤቴ ልጀምር። ስድስት ኪሎ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ ስፍራ ነው። ዛፉ፣ ደረጃው፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለበት አሮጌው ቤተ መንግሥት፣ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት፣ ይህ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባውን ልጅ ልብ ይሰውራል። ከበሩ ሲወጡ ደግሞ ከተማው ይጀምራል። ወደ አራት ኪሎ ሲወርዱ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ዝቅ ሲሉ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ቴአትር የወደደ ሰው ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው ሀገር ፍቅር አለለት፤ ብሔራዊ ቴአትርም አለለት። የመጽሐፍ ምረቃ፣ የሥዕል ትርኢት፣ የውይይት መድረክ በየሳምንቱ አይጠፋም። የኪነ ጥበብ ፍቅር ላለው ተማሪ በአገራችን ከዚህ የሚበልጥ ሰፈር ያለ አይመስለኝም፤ አለ የሚለኝ ካለ ያሳየኝ።

ይሁን እንጂ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በበሩ አጠገብ ቆማችሁ ተመልከቱ። የአዲስ አበባ ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው ይወጣሉ። አንዱ ወደ መገናኛ፣ አንዱ ወደ ኮልፌ፣ ሌላዋ ወደ ሳሪስ፣ ወደ ቃሊቲ ነው። የታክሲው ሰልፍ ይረዝማል፤ መንገዱ ይዘጋጋል፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ነገ ጥዋት ፈተና የሌለበት ተማሪ እንኳ ጨዋታውን ከመካከሉ አቋርጦ ይሮጣል። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡት ተማሪዎች ግን ወደ ምግብ አዳራሹና ወደ መኝታ ቤታቸው ይመለሳሉ። በዚያች ሰዓት አንዱ ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ይከፈላል። የቀን ዩኒቨርሲቲና የሌሊት ዩኒቨርሲቲ ብንላቸው ያስኬዳል። የቀኑ ትምህርቱንና ከተማውን ያውቃል፤ የሌሊቱ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ሁለቱ ግን ሦስት ዓመት በአንድ ወንበር ተቀምጠው «ሰላም ነው?» ከመባባል አልፈው ሳይነጋገሩ ሊመረቁ ይችላሉ። እኔ ራሴ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንሁ ይህን በሐሜት አልናገርም፤ በዚያ ሰልፍ ላይ የምቆም ነኝና።

በዚህ ላይ ከተማው ፋኩልቲዎቹን ራሳቸውን በታትኗቸዋል። የተፈጥሮ ሳይንስ አራት ኪሎ ነው፤ ምሕንድስናው አምስት ኪሎ ነው፤ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ ነው፤ የእንስሳት ሕክምናው ደግሞ ቢሾፍቱ ድረስ ወርዷል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከአንድ የፊዚክስ ተማሪ ጋር ሊጨቃጨቅ ቢፈልግ ቀጠሮ መያዝ ይኖርበታል። ዩኒቨርሲቲ የሚለው ቃል የዕውቀት ዘርፎችን ሁሉ በአንድነት የሚጠራ ከሆነ፣ የእኛው በወረቀት ላይ አንድ ሆኖ በመሬት ላይ ብዙ ሰፈር ነው። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ከተማ ሲያድግ፣ ዩኒቨርሲቲውም አብሮ ሲያድግ፣ ቦታ የተገኘው በየተገኘበት ስለነበር ነው።

ደግሞ ስለ ገንዘብ ሳልናገር ባልፍ እውነቱን መደበቅ ይሆንብኛል። ከተማ ደስታውን የሚሸጠው በዋጋ ነው። «ቡና እንጠጣ» የምትል ቀላል ቃል በከተማ ውስጥ የኪስ ምርመራ ናት። አባቱ ነጋዴ የሆነው ልጅ ከግቢ ውጭ ይበላል፣ ከግቢ ውጭ ይዝናናል። ከጎጃም ወይም ከባሌ ገጠር የመጣው ባልንጀራው አንድ ጊዜ ይከተለዋል፣ ሁለተኛ ጊዜ «ጥናት አለብኝ» ይላል፣ ሦስተኛ ጊዜ መጠራቱ ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ሳይጣሉ ይለያያሉ። በመኝታ ቤት አልጋ ላይ ተቀምጦ ለአምስት ሰው የሚበቃ ቆሎ መቆርጠም ግን ሀብታሙንና ድሀውን አይለይም።

አሁን ወደ ሐረማያ እንሻገር። ባለፈው ዓመት የሴሚስተር ዕረፍታችን ወዲያው በእነርሱ ትምህርት ላይ ስለወደቀ፣ ሐረር አክስቴ ቤት አርፌ በየቀኑ ወደ ሐረማያ እየተመላለስሁ የልጅነት ባልንጀራዬን እጎበኝ ነበር። መንገዱ በአወዳይ ያልፋል፤ የጫት ገበያው ትርምስ፣ ጩኸቱና ጥድፊያው ለአዲስ አበባ ልጅ ብቻውን አንድ ትምህርት ነው። ከዚያ ሜዳው ይከፈታል። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ስሙ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ኋላ ውኃው እንደገና መመለስ ጀምሯል። ግቢው ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሐረር 20 ያህል፣ ከድሬዳዋ 40 ያህል ይርቃል። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ርዳታ እርሻ ለማስተማር ሲቆረቆር መሬት እንጂ ከተማ አልተፈለገም ነበርና፣ እስከ ዛሬ ድረስ ከእርሻ መካከል ተቀምጦ ይገኛል።

ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ሲሆን እኔ እንደ ልማዴ ቦርሳዬን አነሳሁ፤ ወደ ሐረር መመለስ ነበረብኝና። በዚያን ጊዜ ነው ልዩነቱ የገባኝ፤ ከእኔ በቀር ቦርሳውን ያነሳ ሰው አልነበረም። የት ይሄዳሉ? እንዲያውም የግቢው ኑሮ የሚጀምረው በዚያች ሰዓት ነው። ኳስ የሚጫወተው ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ሁለት ሦስት እየሆኑ በዛፎቹ መካከል የሚንሸራሸሩ አሉ፤ የእራቱ ሰልፍ ይጀመራል። ያንን ሰልፍ ሁሉም ያማርረዋል፤ እኔ ግን ሳየው ሰልፉ ራሱ አንድ ስብሰባ መስሎ ታየኝ። የእርሻ ተማሪው ለሕግ ተማሪው ማሽላን ስለሚያጠቃው አቀንጭራ ስለሚባለው አረም ሲያስረዳ፣ የሕግ ተማሪው ደግሞ «ታዲያ መሬቱ የማን ነው?» እያለ ሲያቋርጠው፣ ከኋላ ያለችው የምሕንድስና ተማሪ በሁለቱም ስትስቅ ሰምቻለሁ። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ሌሎች ፋኩልቲዎች በእርሻው ላይ ስለተጨመሩ፣ የጤናው ኮሌጅ ሐረር ከመሆኑ በቀር አብዛኛው ተማሪ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራል። የተለያየ ትምህርት የሚማሩ ሰዎች ሳይቀጣጠሩ መገናኘታቸው ትልቅ ሀብት ነው።

ቅዳሜና እሑድም ቢሆን ባዶ አይደለም። ወደ ሐረር የሄደ ተማሪ ጀጎልን ይዞራል፣ ፈረስ መጋላ ላይ ይገበያያል፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ያያል። በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ድሬዳዋ የወረደ ደግሞ ከደጋ ወደ ቆላ ሲገባ ካፖርቱን አውልቆ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ፈጢራ ይበላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ወደነዚህ ከተሞች የሚኬደው በቡድን ነው። የሚኒባሱ ወጪ ለብዙ ይከፈላል፣ ሲመለሱም በአንድነት ነው። ስለዚህ መዝናኛው ራሱ ሰዎቹን ያስተሳስራቸዋል እንጂ አይበትናቸውም። ባልንጀራዬ ከአዲስ አበባ ስትሄድ አንድ የአፋን ኦሮሞ ቃል አታውቅም ነበር፤ አሁን ቲማቲም ስትገዛ በዋጋ ትከራከራለች፣ ነጋዴዋም ትስቅላታለች። ይህንን የትኛው ኮርስ ያስተምራል?

ይህን ያህል ካመሰገንሁ፣ ሐረማያ ገነት ነው የምል እንዳይመስልብኝ ጉድለቱንም ልናገር። የተዘጋ ኑሮ ወሬ ይወልዳል። ጥዋት የተደረገ ነገር ለምሳ ይደርሳል። ከባልንጀራው የተጣላ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ በምግብ አዳራሽ ፊቱን ያያል፤ የሚሸሽበት ጎዳና የለውም። ፍቅር የተበጠሰባት ልጅማ ምን እንደምትሆን እናንተው ገምቱ። ቴአትር ማየት የፈለገ ራሱ ሠርቶ ማየት አለበት። ጫቱም ቅርብ ነው፤ በጓደኛ ግፊት ጀምሮ ሌሊቱን ለጥናት ብሎ ቀኑን የተኛ ተማሪ ጥቂት አይደለም ይላሉ። በእርግጥ ጫት አዲስ አበባም ሞልቷል፤ ነገር ግን የእናትን ዓይን የመሰለ ጠባቂ የለምና፣ ራሱን መግዛት ለማይችል ልጅ ርቀት ራሱ አደጋ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሞተዋል፣ ብዙዎችም ሻንጣቸውን ተሸክመው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ያ ጊዜ የወላጆችን ልብ ሰብሮታል። የእኔም እናት ስለ ወንድሜ ሲነሣ «ይቅርብን፤ ከዓይኔ አይራቅ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም፤ እኔም ፈሪ ናት ብዬ አልፈርድባትም። አብሮ ማደር ወንድማማችነትን እንደሚያበዛ ሁሉ፣ ክፉ ወሬ በአንድ ሌሊት ከመኝታ ቤት መኝታ ቤት የሚዛመተውም አብሮ በማደር ነው። ይህን የሚክድ ሰው ዋሽቷል። የሆነ ሆኖ መድኃኒቱ ምንድን ነው? የአዲስ አበባው በአዲስ አበባ፣ የጎንደሩ በጎንደር፣ የወለጋው በወለጋ ይማር ብንል በሽታውን ተከልን እንጂ አላዳንነውም። ሰውን የምንፈራው ስለማናውቀው ነው፤ የምናውቀውም ማታ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ሲታመም፣ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ስንሰማው ነው። ስም በፊደል ተራ ተጽፎ አልጋ ሲታደል አበበና አብዲ በአንድ ክፍል ይወድቃሉ፤ ሁለቱም አልመረጡትም፤ እኔ እንደማየው ከብዙ ስብከት የበለጠ ሥራ የሠራው ይኸው የፊደል ተራ ነው።

ስለ ሴቶች ለብቻ ልናገር፤ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ስለሆኑ ይህ ነገር ይዘለላልና። ለወንድ ተማሪ ከተማ ማለት ነፃነት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ከ1 ሰዓት ምሽት በኋላ የከተማው ነፃነት ግማሹ ይሰረዛል። ቤቷ ሩቅ የሆነች ልጅ ትርኢቱ አንድ ሰዓት ሲቀረው ትነሣለች፤ ክርክሩ ሲሞቅ ትነሣለች፤ ጥያቄ ልትጠይቅ እጇን ካነሣች በኋላም ሰዓቷን አይታ ታወርደዋለች። ስለዚህ በውይይቱ የሚሰማው ድምፅ የወንዶች ሆኖ ይቀራል፤ ኋላም «ሴቶች አይሳተፉም» ተብሎ ይጻፍብናል። ባልንጀራዬ በሐረማያ ከቤተ መጻሕፍት እስከ መኝታ ቤቷ ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በእግሯ ትመለሳለች። በሩ የሚዘጋበት ሰዓት አለ፤ እርሱም የሚያናድድበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ማታዋ የራሷ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት የት እንደምሆን ታውቃላችሁ፤ እራት በልቼ ከእናቴ ጋር ተከታታይ ድራማ እያየሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ልጅት፣ ታሪክ አታውቂም እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። የተማሪው እንቅስቃሴ፣ የግጥሙ፣ የክርክሩ ሁሉ መነሻ አዲስ አበባ ነበር ይለኛል። እውነት ነው፤ ግን እንዴት እንደነበረ እንመልከት። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎቹን የሚያሳድር ነበር። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያ የመጡ ተማሪዎች ተጨመሩ፤ የእኛዎቹም ስለ ቅኝ አገዛዝና ስለ ነፃነት ከመጽሐፍ ይልቅ ከእነርሱ አፍ ሰሙ። በ1953 ዓ.ም. የኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን ያነበበው በዚያ አብሮ በሚኖር ማኅበር ፊት ነበር። በ1954 ዓ.ም. ገደማ ማደሪያው እንዲቀር ተደረገ። ማደሪያ ቀርቶ ተማሪው በየሰፈሩ ሲበተን አፉም የሚዘጋ ለመሰለው ሰው ጊዜው ጥሩ መልስ ሰጥቶታል፤ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተዋልና።

እንግዲህ ይህ የእኔን ክርክር ያፈርሰዋል ወይ? በከፊል ያሻሽለዋል ብዬ አምናለሁ። ማደሪያው ሲቀር በቦታው የገባ ነገር ነበር። የተማሪዎች ኅብረት ነበረ፤ የክርክር ማኅበር ነበረ፤ በማባዣ የሚታተም ጋዜጣ ነበረ፤ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ ዙሪያ ተባብሮ ቤት መከራየት ነበረ። ሐረማያ ላይ ርቀት በነፃ የሚሰጠውን ነገር፣ እነርሱ ከከተማው መካከል በድካማቸው ገዙት። ስለዚህ የከተማ ግቢ ሕይወት የለውም ማለቴ አይደለም። ሕይወቱን የሚያገኘው ግን ሰዎች ተነሥተው ሲሠሩለት ብቻ ነው፤ ዝም ካሉት ከተማው ይውጠዋል። ያን ጊዜ ከተማውም ራሱ ይረዳቸው ነበር። ዛሬ የፒያሳ ብዙው ክፍል በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ከግቢ ወጥቶ በእግር ተወርዶ በትንሽ ገንዘብ የሚቀመጥባቸው አሮጌ ቤቶች አብረው ሄደዋል። መንገዱ አምሯል፤ የሚቀመጡበት ግን ርቋል።

ለወንድሜ የሰጠሁት ምክር እንግዲህ ይኸውላችሁ። ሐረማያ ሂድ አልሁት። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ከእናቱ ቤት እየተነሣ ስድስት ኪሎ የሚውልና ለእራት የሚመለስ ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ቢልም የገባው አሥራ ሦስተኛ ክፍል ነው። ልብሱን እናቱ ታጥባለች፤ ባልንጀሮቹ የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ የማያውቀውን ዓይነት ሰው የሚያገኘው በሰልፍ ላይ ነው። ብሔራዊ ቴአትር የትም አይሄድበትም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያገኘዋል። ከሲዳማ፣ ከአፋርና ከትግራይ ልጆች ጋር አንድ ክፍል የሚያድርበት ዕድል ግን በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። ከገጠር ወይም ከትንሽ ከተማ ለሚመጣ ልጅ የምሰጠው ምክር ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከደረሰህ አትፍራ፣ ና፤ ቤተ መጻሕፍቱና መድረኩ ይገቡሃል፤ ማታህንም ከመኝታ ቤት ጓደኞችህ ጋር ታገኘዋለህ። ብቻ የከተማው ልጅ በ11 ሰዓት ጥሎህ ሲሄድ ንቆኝ ነው ብለህ አትዘን። ታክሲ ሊያመልጠው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እየገቡ ሲፈተኑ ቆይተዋል። ስለዚህ ብዙ ልጆች «እኔ እኮ ግቢውን አውቀዋለሁ፤ አድሬበታለሁ» ይላሉ። ያዩት ግቢ ተማሪው የወጣበትን፣ ጥበቃ የከበበውን፣ ሁሉም በፍርሃት የተኛበትን ግቢ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዙር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ ትዝታው ከሐዘን ጋር መቀላቀሉ አይገርምም። በዚያ ትዝታ ግቢን መምረጥ፣ ሰው ለቅሶ ላይ አይቶ ስለ ጠባዩ እንደመፍረድ ነው። ይልቅ እዚያ ያለ አንድ ተማሪ ፈልጋችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። ትናንት ማታ ከእራት በኋላ ምን ሠራህ? አብረውህ ከሚያድሩት ውስጥ ከአንተ ክልል ያልሆነው ማን ነው? የሌላ ፋኩልቲ ተማሪ የሆነ ባልንጀራህስ? መልሱ ሲንተባተብበት የምታዩት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስና ለኅብረታችን አንድ ነገር አቅርቤ ላብቃ። እኛ የቀን ተማሪዎች ግቢውን በ11 ሰዓት ለቀን ስንወጣ የምንጎዳው እኛው ነን፤ እስከ ዛሬም ያላደርንበትን ዩኒቨርሲቲ ስም እንይዛለን። በሳምንት አንድ ማታ፣ ሐሙስን ብንል፣ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አብረን እንቆይ። ድግስ አያስፈልገውም። መኝታ ቤት ያሉት አንድ ጀበና ያወጣሉ፤ እኛ ቆሎና ዳቦ ከቤት እናመጣለን። አንድ ጊዜ ግጥም ይነበባል፣ አንድ ጊዜ የአራት ኪሎ የሳይንስ ተማሪዎች ተጠርተው ክርክር ይደረጋል፣ ሌላ ጊዜም ዝም ብሎ ይወራል። ከባዱ የመመለሻው ነገር ነው፤ በተለይ ለእኛ ለሴቶቹ። ስለዚህ የኅብረቱ ጸሐፊ በቢሮው በር ላይ በየአቅጣጫው የተከፈለ ወረቀት እንዲለጥፍልን እንጠይቃለን፤ መገናኛና ኮተቤ አንድ፣ ኮልፌና አስኮ አንድ፣ ሳሪስና ቃሊቲ አንድ። እስከ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ስማችንን ከጻፍን፣ ሐሙስ ማታ ሰባትም ስምንትም ሆነን አብረን እንወጣለን፤ የራይድ ወይም የኮንትራት ታክሲ ሂሳቡም ተካፍለን ስንከፍለው ቀላል ይሆናል። የኮተቤውን ስም ዝርዝር እኔ እጀምረዋለሁ።